ከዛፍ ልጥ የተሠራ ጫማ

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ሻዬን አጠገቤ አስቀምጬ የአንድ ጥንድ ጫማ ታሪክ ላወራችሁ ነው።

ፕርሼሚስሎች የሚባሉ ገዢዎች ነበሩ። ቦሄሚያን፣ ማለትም የዛሬዋን ቼክ ሰፊውን ክፍል፣ ከ9ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ጀምሮ እስከ 1306 የገዙ ናቸው። ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራው። አፈ ታሪካቸውን በላቲን የጻፈው ኮስማስ የተባለ የፕራግ ካህን ነው፤ የሞተው በ1125 ነው። ካህን ይሁን እንጂ ወሬ የሚያሳምር ሰው ነበር።

ሊቡሼ የምትባል ሴት ነበረች ይለናል። ትንቢት ትናገራለች፣ ሕዝቡንም ትዳኛለች። አንድ ቀን ሁለት ጎረቤታሞች በእርሻ ድንበር ተጣልተው ፊቷ ቀረቡ። እሷ ደግሞ አልጋዋ ላይ በክርኗ ደገፍ ብላለች፤ ኮስማስ ልክ እንደ አራስ ይላታል። ፈረደች። የተፈረደበት ሰውዬ ራሱን ነቀነቀ፣ በዱላው መሬቱን ሦስት ጊዜ መታ፣ ምራቁ ጢሙ ላይ እየተረጨ ጮኸ። ሴት ሁሉ ፀጉሯ ረጅም፣ ልቧ አጭር ነው አለ። በወንድ ካልተገዛን ብሎም ተነሳ።

ሊቡሼ አልተቆጣችም። ግን አስጠነቀቀቻቸው፦ መስፍን መሾም ቀላል ነው፣ መሻር ነው ጭንቁ። ልጆቻችሁን ወስዶ አንዱን ዳቦ ጋጋሪ፣ አንዱን ወፍጮ ፈጪ ያደርገዋል፤ ከከብታችሁም ደስ ያለውን ይመርጣል አለቻቸው። መጽሐፈ ሳሙኤልን ያነበበ ሰው ነገሩ ከየት እንደመጣ ወዲያው ይገባዋል። እነሱ ግን አልሰሙም። እንግዲያው መስፍን የሚሆናችሁን ሰው እንዲያሳያችሁ ፈረሴን ተከተሉት አለች።

ፈረሱ መልእክተኞቹን ስታዲትሴ የምትባል መንደር አደረሳቸው። እዚያ ፕርሼሚስል የሚባል ገበሬ፣ ኋላ የሊቡሼ ባል የሚሆነው፣ ሁለት በሬ ጠምዶ እያረሰ ነው። ና፣ መስፍናችን ሁን ሲሉት በሬዎቹን ፈታና ወደመጣችሁበት ሂዱ አላቸው፤ ከዓይን ተሰወሩ። የያዘውን የሃዝልነት በትር መሬት ላይ ተከለው። ሃዝልነት እንኳ ቸኮላት ውስጥ የምናገኛት ፍሬ ናት። በትሩ ሦስት ቅርንጫፍ አወጣ፤ እነሱ ዳቦ እየቆረሱ ሳለ ሁለቱ ደረቁ፣ አንዱ ቀረ። ከቤቴ ብዙ ጌቶች ይወለዳሉ፣ የሚገዛው ግን ሁልጊዜ አንድ ነው ብሎ ፈታላቸው።

ከዚያ የመስፍን ልብስ አለበሱት፣ አዲስ ጫማ አደረጉለት። እሱ ግን ከዛፍ ልጥ የተሠራውን አሮጌውን ጫማ ይዞ ፈረስ ላይ ወጣ። ለምን ሲሉት፣ ልጅ ልጆቼ ከየት እንደወጡ እንዲያውቁ፣ ድሃውንም እንዳይንቁ አለ። ኮስማስ ጫማው በእሱ ዘመን ቪሼህራድ በሚባለው ምሽግ፣ በመስፍኑ ጓዳ ይቀመጥ እንደነበር ጽፏል።

እዚህ ጋ ስደርስ አባቴ ትዝ ይለኛል። ከገጠር ሲመጣ ያደረጋትን በረባሶ አልጋ ሥር አስቀምጧት ነበር። እናቴ ቤት ባጸዳች ቁጥር ልትጥላት ታነሳለች፣ እሱ ሳይናገር ተቀብሎ ይመልሳታል። እኛ ልጆቹ እንስቅ ነበር። ለምን እንደሆነ አንድም ቀን አልነገረንም። ፕርሼሚስል ቢያንስ ተናግሯል።

ለመሆኑ ልጅ ልጆቹ ሰሙት? ከዘሩ መስፍን የነበረውን ቫትስላቭን ወንድሙ ቦለስላቭ በ935 ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ አስገደለው። ዛሬ የቼክ ጠባቂ ቅዱስ የሚባለው ይኸው ቫትስላቭ ነው። አያታቸው ሉድሚላም ቀደም ብላ ታንቃ ሞታለች፤ እሷን ያስገደለችው የልጇ ሚስት፣ የነቫትስላቭ እናት ናት ይባላል። ሁለቱ ቅርንጫፎች እንዴት እንደደረቁ እንግዲህ ያው ነው።

እኔ ሳስበው ጫማው የትሕትና ብቻ አይመስለኝም። የመብት ማስረጃም ነው፦ እኛ ዙፋኑን አልነጠቅንም፣ ተጠርተን መጣን የሚል። የሚገርመው ግን የጠራችው ሊቡሼ ናት፣ ዳኛዋም ነቢይቷም እሷ ናት፤ ቤቱ የተጠራው በባሏ ስም ነው። የእሷን ጫማ ማንም አላስቀመጠም።

ኋላ ነገሩ ገነነ። በ1212 የንጉሥነት ማዕረጋቸው በወርቅ ማኅተም ጸና። ዳግማዊ ፕርሼሚስል ኦታካር ግዛቱን እስከ አድሪያቲክ ባሕር አካባቢ ዘረጋ፤ በ1278 ከጀርመኑ ንጉሥ ከሀብስቡርጉ ሩዶልፍ ጋር ሲዋጋ ሜዳ ላይ ወደቀ። ልጁ ኩትና ሆራ በምትባል የቦሄሚያ ከተማ በተገኘው ብር የፕራግ ግሮሽን የተባለውን ገንዘብ አስመታ፣ የፖላንድንም ዘውድ ደፋ። የልጅ ልጁ ሦስተኛው ቫትስላቭ ግን በነሐሴ 1306 ወደ ፖላንድ ሊዘምት ሲል ኦሎሞውትስ በምትባል ከተማ ተወግቶ ሞተ። ዕድሜው 16 ነበር። ማን እንዳስገደለው እስከ ዛሬ አልታወቀም። የወንዱ ዘር በዚያው አበቃ።

እህቱ ኤልሽካ ግን ነበረች። የእሷ ልጅ ቻርልስ አራተኛ ሲነግሥ፣ የንግሥናውን ሥርዓት ሲያወጣ ንጉሡ በዋዜማው ቪሼህራድ ሄዶ ያንን ጫማ እንዲያይ አዘዘ። በዘመኑ የስታዲትሴ ገበሬዎችም ሌላ ግብር አይከፍሉም ነበር ይባላል፤ ለንጉሡ ማዕድ የሚያመጡት ከዚያ በትር በቅሏል ከተባለው ዛፍ የለቀሙትን የሃዝልነት ፍሬ ብቻ ነው።