ማዕረጉ ከማን እጅ ይመጣል?

የተከበራችሁ ወላጆችና መምህራን፣ ውድ ልጆቼ፣ እንኳን ወደ ልጆቻችን የቼዝ ውድድር በደህና መጣችሁ።

ደሴ ማዕረግ ሲሰጥ ያየች ከተማ ናት። በግንቦት 1906 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ አባታቸውን ራስ ሚካኤልን እዚሁ አነገሡ። በዚያው ወር በሩሲያዋ ሴንት ፒተርስበርግ ታላቅ የቼዝ ውድድር ተጠናቀቀ፤ ላስከር አንደኛ፣ ካፓብላንካ ሁለተኛ፣ አሌኪን ሦስተኛ ወጡ። ዛር ኒኮላስ በዚያ ውድድር ላይ አምስቱን ምርጦች «ግራንድማስተር» (ዛሬ የቼዝ ከፍተኛው ማዕረግ) ብለው ሰየሙ እየተባለ ለብዙ ዘመን ተነግሯል። ተመራማሪዎች ይጠራጠሩታል፤ እኔም አላምነውም። በዚያን ጊዜ ግራንድማስተርነት የአድናቆት ስም እንጂ መስፈሪያ ያለው ማዕረግ አልነበረም።

በ1924 እ.ኤ.አ. በፓሪስ የተመሠረተው የዓለም ቼዝ ፌዴሬሽን፣ ፊዴ፣ የመጀመሪያዎቹን 27 ግራንድማስተሮች የሰየመው በ1950 ነው። ከእነርሱ አንዱ አኪባ ሩቢንስታይን ከውድድር ከራቀ ሃያ ዓመት ሊሞላው ተቃርቦ ነበር፤ ለቀድሞ ሥራው ሰጡት፤ ደግ አደረጉ። በሕይወት የሌለ ግን አልተሰየመም። ስለዚህ ላስከር፣ ካፓብላንካና አሌኪን፣ ሦስቱም የዓለም ሻምፒዮን የነበሩ ሰዎች፣ ይህን ማዕረግ ሳይዙ ቀሩ። ልጆች፣ ይህን ልብ በሉልኝ። ታላቅነታቸው ወረቀቱን አልጠበቀም።

በ1970 እ.ኤ.አ. ፊዴ የተጫዋቾችን ብቃት የሚለካውን የፕሮፌሰር አርፓድ ኤሎን የነጥብ ስሌት ተቀበለ፤ ነጥቡ «ሬቲንግ» ይባላል። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ከሰዎች ፈቃድ ወደ ቁጥር እየዞረ ሄደ። ዛሬ ግራንድማስተር ለመሆን ሬቲንግ 2500 መድረስ አለበት። በተጨማሪም «ኖርም» የሚባል የውድድር ውጤት አለ፦ በጠቅላላው 27 ጨዋታ በሚሸፍኑ ውድድሮች፣ በእያንዳንዳቸው በ2600 ደረጃ መጫወት። ሃንጋሪያዊቷ ጁዲት ፖልጋር በ1991 እ.ኤ.አ. በ15 ዓመቷ ማዕረጉን ስትይዝ የቦቢ ፊሸርን የዕድሜ ክብረ ወሰን ሰበረች። ቁጥሩ ሴት ወንድ አይልም፤ ይህን እወድለታለሁ።

የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ለአንድ ኖርም ቢያንስ ሦስት ግራንድማስተሮችን መግጠም ያስፈልጋል፤ በአብዛኛውም ከሌላ አገር የመጡ ተጋጣሚዎች መኖር አለባቸው። ከጦሳ ተራራ ሥር፣ እዚህ ደሴ ያደገ ልጅ ሦስት ግራንድማስተር ከየት ያመጣል? ጭንቅላት አላነሰውም፤ ያነሰው የመንገድ ገንዘብ ነው። ሌላም በር አለ፦ የደቡብ አፍሪካው ኬኒ ሰለሞን በ2014 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የአፍሪካን ሻምፒዮና አሸንፎ ማዕረጉን በቀጥታ አግኝቷል። እዚያ ለመድረስም ቢሆን ከደሴ መውጣት ግድ ነው።

ወላጆች፣ እናንተን የምለምነው ይህንኑ ነው። ልጆቹ ሬቲንግ የሚያስገኝ ውድድር ላይ እንዲቀመጡ በየወሩ ጥቂት ብር እናዋጣ። ለሠርግና ለለቅሶ የምንረዳዳ ሰዎች ለዚህ አናንስም። የመጀመሪያውን መዋጮ እኔ ዛሬ አስገባለሁ፤ መዝገቡ በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ነው።

አሁን ወደ ጨዋታው። ሰባተኛው ጠረጴዛ ላይ የጎደለው ጥቁር ፈረስ በቆርኪ ተተክቷል፤ ሁለቱም ተጫዋቾች ተስማምተዋል። ተጨባበጡ። ነጭ ይጀምር።