ብቸኛ የተባለው ቁጥር፦ 4,294,967,297

የተከበራችሁ የሒሳብ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፤

ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ቁጥር ብቻ ነው። 2ን 32 ጊዜ ጽፈን እርስ በርስ ካባዛን በኋላ 1 ስንደምርበት 4,294,967,297 እናገኛለን።

ፈረንሳዊው ፒየር ደ ፌርማ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዚሁ መንገድ፣ 1፣ 2፣ 4፣ 8 እና 16 ሁለቶችን እያባዛ 1 ሲደምር 3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65,537ን አገኘ። አምስቱም ከ1ና ከራሳቸው በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍላቸው የሌለ ብቸኛ ቁጥሮች ስለሆኑ፣ ስድስተኛውም ሆነ ከእርሱ በኋላ የሚመጡት ሁሉ እንደዚያው እንደሚሆኑ አመነ፤ ማረጋገጫ ግን አልነበረውም። እኔ ግምቱን አላቃልለውም። አምስቱን ቁጥሮች እርስ በርስ አባዝታችሁ 2 ብትደምሩ የሚመጣው ይኸው ቁጥራችን ስለሆነ፣ ከአምስቱ አንዱም ሊያካፍለው አይችልም።

እ.ኤ.አ. በ1732 በሴንት ፒተርስበርግ የነበረው የሒሳብ ሊቅ ሊዮንሃርድ ኦይለር ግምቱን አፈረሰ። 65,536 በራሱ ሲባዛ ከቁጥራችን በ1 ብቻ ስለሚያንስ፣ ቁጥራችን ብቸኛ ካልሆነ ከ65,536 በታች የሆነ ብቸኛ ቁጥር ሊያካፍለው ግድ ነው። በዚያ ክልል ያሉትን 6,542 ብቸኛ ቁጥሮች አንድ በአንድ መሞከር አድካሚ ነው፤ እርሱ ግን ከዓመታት በኋላ በጽሑፍ እንዳብራራው፣ ይህን ቁጥር የሚያካፍል ብቸኛ ቁጥር ሁሉ ለ64 ሲካፈል 1 ሊተርፈው ግድ ነው። በዚህ ወንፊት የሚያልፉት 193፣ 257፣ 449፣ 577፣ ቀጥሎም 641 ናቸው። አምስተኛው ሙከራ በቃ፤ 641 ሲባዛ በ6,700,417 ቁጥራችንን ይሰጣል። ሁለቱም ብቸኛ ናቸው።

እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን ያን ረጅም ማካፈል ሳንሠራ እውነቱን ማየት መቻላችን ነው። ወረቀት ያላችሁ አብራችሁኝ ጻፉ። 640 ከ641 በ1 ስለሚያንስ፣ ሁለት 640ዎች ሲባዙ 639 ጊዜ 641 ሆኖ 1 ይተርፋል፤ ስለዚህ አራት 640ዎችም ተባዝተው ለ641 ሲካፈሉ ቀሪው 1 ነው። 640 ደግሞ የ5 እና የሰባት ሁለቶች ብዜት ስለሆነ፣ አራቱ 640ዎች ሲባዙ 625 በ28 ሁለቶች ተባዝቶ ማለት ነው። በዚህ ላይ 16 በ28 ሁለቶች ተባዝቶ፣ ማለትም የ32 ሁለቶችን ብዜት እንደምር፤ 625 እና 16 ሲደመሩ 641 ስለሆኑ ድምሩ ያለ ቀሪ ለ641 ይካፈላል። የፊተኛው ቀሪ 1 ከሆነ፣ የ32ቱ ሁለቶች ብዜት ቀሪ 640 መሆን አለበት። ፌርማ የደመራትን 1 ስንጨምርበት 641 ይሞላል፤ የሚተርፍ የለም።