ከበረቱ የሚወጣው ሁሉ በሒሳብ ይያዝ፤ የዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ክቡራትና ክቡራን እንግዶቻችን፤

ከሁሉ አስቀድሜ የማለዳውን አለባ ጨርሳችሁ፣ ጥገት ላሞቻችሁን ለሌላ ሰው እጅ አደራ ሰጥታችሁ እዚህ ስለተገኛችሁ በሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው ስም ላመሰግናችሁ እወዳለሁ። ላም የጉባኤ ቀን ነው ብላ ጡቷን አትይዝምና የማታው አለባ ሳይደርስ ሁላችንም ወደየበረታችን እንድንመለስ ሰዓቱን አከብራለሁ።

ባለፉት ጉባኤዎች በአብዛኛው የተነጋገርነው ስለ መኖ አቅርቦት፣ ስለ ዝርያ ማሻሻልና ስለ ወተት ጥራት ነበር። ዘንድሮ ግን ሥራ አስፈጻሚው እርሻዎቻችን በውኃ፣ በአየርና በአፈር ላይ የሚያሳድሩትን ጫና ዋና አጀንዳ አድርጎ ለማቅረብ ወስኗል። ይህ ሲሰማ አንዳንድ አባላት ቅር መሰኘታቸውን፣ «እኛን ከመክሰስ በቀር ምን ይጠቅመናል?» ማለታቸውንም አውቃለሁ። ቅሬታው መሠረት የለውም አልልም፤ ላም ስትወልድ አይታ የማታውቅ ከተማ ስለ ላም ግሳት ስታስተምረን መስማት ያስቆጣል። የሆነ ሆኖ በእርሻዎቻችን የሚደርሰው ጥፋት አብዛኛው የሚመጣው ውድ መሣሪያ ስላጣን ነው ብዬ አላምንም። ወደ ግቢያችን የሚገባውንና ከግቢያችን የሚወጣውን መዝግበን ስለማናውቅ ነው። ለዚህም የመጀመሪያውን ማስረጃ ከራሴ በረት አቀርባለሁ።

ከዓመታት በፊት የላሞቼን በረት ሳሠራ ገንዘብ አጠረኝና የጣሪያውን አሸንዳ «ለከርሞ» ብዬ ተውኩት። ጣሪያው ወደ 400 ካሬ ሜትር ይሆናል። በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 1 ሊትር ውኃ ነውና 25 ሚሊ ሜትር ዝናብ ከዚያ ጣሪያ ላይ 10,000 ሊትር ንጹሕ ውኃ ያወርዳል። ያ ሁሉ ውኃ አሸንዳ ስለሌለው በግቢው ወለል ላይ እየተንሸራተተ የፍግ ጉድጓዴ ውስጥ ይገባ ነበር። እስከ ክረምቱ ማብቂያ ይበቃኛል ያልኩት ጉድጓድ በክረምቱ አጋማሽ ከአፉ ደረሰ። ሌላ መላ ስላልነበረኝ ውኃ ጠግቦ በሚረግጡት ጊዜ ጫማ በሚይዘው ተዳፋት ማሳ ላይ ፈሳሹን ፍግ አፈሰስኩት። በዚያው ሌሊት ደግሞ ዘነበ።

በማግስቱ ጠዋት ከማሳው ግርጌ ያለው ጅረት ቡናማ ሆኖ፣ በድንጋዮቹ መካከል አረፋ ደፍቆ አገኘሁት። ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ውኃው ዞሮ በሚያርፍበት ሥፍራ፣ ዓሦች በጀርባቸው ተንጋልለው ነበር። ከታች በኩል ያሉ አንድ አረጋዊ ጎረቤቴ ከዚያው ውኃ በጣሳ ቀድተው መጡና አንድም ቃል ሳይናገሩ ጣሳውን የአጥሬ ግንብ ላይ አስቀምጠው ተመለሱ። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። ጥፋቱን ወደ ኋላ ብንከተለው የሚያደርሰን ከዚያ ካልተሰቀለው አሸንዳ ነው። ከክረምቱ በፊት ጉድጓዴ ስንት ሊትር እንደሚይዝና ስንት ሊትር እንደሚገባበት በወረቀት ላይ ደምሬ ቢሆን ኖሮ ይህን በሩብ ሰዓት እደርስበት ነበር።

ዓሦቹን የገደላቸው መርዝ እንዳልሆነ ብዙዎቻችን አናስተውልም። ፍግ፣ ከገፈራ (አየር እንዳያገኝ ታፍኖ ከተብላላ እርጥብ መኖ) ጉድጓድ የሚንጠፈጠፍ ጭማቂ ወይም ወተት ጅረት ውስጥ ሲገባ ውኃው ውስጥ ያሉ ረቂቅ ተሕዋስያን ምግብ አገኘን ብለው ይራባሉ፤ ሲመገቡም በውኃው ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን ይጨርሱታል፤ ዓሣው የሚሞተው ታፍኖ ነው። አንድ ፈሳሽ በዚህ መንገድ ኦክስጅን የመሻማት አቅሙ በሊትር በሚሊ ግራም ይለካል። ያልተጣራ የመኖሪያ ቤት ፍሳሽ 300 ገደማ ሲሆን ፈሳሽ የከብት ፍግ ከ10,000 እስከ 20,000፣ የገፈራ ጭማቂ ከ30,000 በላይ ይደርሳል። የሁሉም የበላይ ወተት ነው፤ ወደ 140,000 ይጠጋል። ስለዚህ የጡት በሽታ ካለባት ወይም መድኃኒት ከተወጋች ላም የታለበውንና ለሽያጭ የማይሆነውን ወተት «ወተት አይደል፣ ምን ያደርጋል» ብሎ ወደ ቦይ መድፋት ከመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ የከፋ ነገር ወደ ጅረት መልቀቅ ነው። ቦታው የፍግ ጉድጓድ ነው፤ በብዙ ፈሳሽ ተበርዞ፣ በሚገባው ጊዜ ወደ ማሳ ይወጣል።

ከዓይን የተሰወረው ጉዳት ደግሞ ከዚህ ይብሳል። በግንቦት ወር 2000 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በካናዳ ኦንታሪዮ ዎከርተን በምትባል ትንሽ ከተማ ከባድ ዝናብ በአቅራቢያው ማሳ ላይ የተበተነን የከብት ፍግ ይዞ ጥልቀት ወደሌለው የመጠጥ ውኃ ጉድጓድ አስገባው። በፍጉ ውስጥ የነበረው ኢ. ኮላይ ኦ157 የተባለው ባክቴሪያ 7 ሰዎችን ገደለ፣ ወደ 2,300 የሚሆኑትን አሳመመ። እርሻው የወተት እርሻ አልነበረም፤ ባለቤቱም ተገቢውን አሠራር የተከተለ በመሆኑ ጥፋተኛ እንዳልነበረ መርማሪው ኮሚሽን አረጋግጧል። ጉድጓዱ የተቆፈረበት ቦታና የውኃው ክትትል ጉድለት ነበረበት። ታሪኩን የማነሳው ማንንም ለማስደንገጥ ሳይሆን፣ ሕግን ያከበረ አርቢ እንኳ ጎረቤቱ የሚጠጣው ውኃ ከየት እንደሚቀዳ ካላወቀ ሥራው ያልተሟላ መሆኑን ለማሳየት ነው። ከእኛስ መካከል ከማሳው በታች ያሉትን ምንጮችና ጉድጓዶች በካርታ ላይ ያሰፈረ ማን አለ?

አሁን የማዳበሪያ ዋና ንጥረ ነገር ወደሆነው ወደ ናይትሮጅን ልምጣ። በከረጢት ገዝተን ማሳ ላይ የምንበትነው ዩሪያና በላም ሽንት ውስጥ ያለው ዩሪያ አንድ ነገር ናቸው። ሽንቱ ወለል ላይ ከእበት ጋር ሲገናኝ በእበቱ ውስጥ ያለው ኤንዛይም ዩሪያውን ወደ አሞኒያ ይለውጠዋል፤ በማለዳ የበረቱን በር ስንከፍት ዓይናችንን የሚያቃጥለን ይኸው ነው። ሽታው ማዳበሪያችን ወደ አየር መሄዱን የሚነግረን ምልክት ነው፤ ነፋስ የወሰደውም አሞኒያ ተመልሶ ጫካና ረግረግ ላይ ያርፋል። ወለሉን ቶሎ ቶሎ መጥረግ፣ ሽንቱ ከእበቱ ተለይቶ የሚወርድበት ቁልቁለት መስጠት፣ ማሳ ላይ የፈሰሰውን ፍግ በዚያው ቀን ከአፈር ጋር መቀላቀል፣ እነዚህ ሁሉ ከብልሃት ይልቅ ትጋት የሚፈልጉ ሥራዎች ናቸው።

ይሁንና ከመጥረጊያው በፊት መኖው ይቀድማል። ላም በመኖ ከምትወስደው ናይትሮጅን ወደ ወተት የሚሸጋገረው ከሩብ ብዙም አይበልጥም፤ የቀረው በሽንትና በእበት ይወጣል። አንድ ምሳሌ እንሥራ። ናይትሮጅን የፕሮቲን አካል ነውና 16 በመቶ ፕሮቲን ያለው 1 ቶን መኖ ወደ 25 ኪሎ ግራም ናይትሮጅን ይዞ በበራችን ይገባል። 1,000 ሊትር ወተት ደግሞ 5 ኪሎ ግራም ገደማ ይዞ ይወጣል። በዚያ መኖ 1,200 ሊትር ወተት አገኘን እንበል፤ የወጣው 6 ኪሎ ነው። የተቀረው 19 ኪሎ የት ገባ? ማሳችን ላይ ሰብል ወይም ሣር ከወሰደው መልካም፤ ካልወሰደው ከፊሉ አሞኒያ ሆኖ ወደ አየር ሄዷል፣ ከፊሉ ናይትሬት ሆኖ ወደ ከርሰ ምድር ውኃ ገብቷል፣ ጥቂቱም ናይትረስ ኦክሳይድ የተባለ ብርቱ የሙቀት አማቂ ጋዝ ሆኗል። ከሚያስፈልጋት በላይ ፕሮቲን የምትመገብ ላም ትርፉን በሽንት ትከፍለዋለች፤ በገዛ ገንዘባችን ጅረት እየመገብን ነው ማለት ነው። በወተት ውስጥ ያለውን የዩሪያ መጠን ማስለካት ይህን ቀድሞ ያሳያል። እንዲህ ያለውን የመግቢያና የመውጫ ሒሳብ በዓመት አንድ ጊዜ ለመሥራት የመኖ ደረሰኞችና የወተት ማስረከቢያ ደብተር ይበቃሉ።

ይህን ሒሳብ እኛ ካልሠራነው ሌላ ሰው ይሠራልናል። የአውሮፓ ኅብረት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1991 ያወጣው የናይትሬት መመሪያ ለብክለት በተጋለጡ አካባቢዎች ከእንስሳት ፍግ በዓመት በሄክታር ከ170 ኪሎ ግራም ናይትሮጅን በላይ እንዳይጨመር ይከለክላል። ብዙ ወተት የምትሰጥ አንዲት ላም በዓመት 100 ኪሎ ግራም ያህል ወይም ከዚያ በላይ ስለምታስወጣ ወሰኑ በሄክታር ከሁለት ላም በታች ማለት ነው። በኔዘርላንድስ በ2019 ከፍተኛው የአስተዳደር ፍርድ ቤት የአገሪቱን የናይትሮጅን ፈቃድ አሰጣጥ ሥርዓት ሲሽረው በርካታ የግንባታና የእርሻ ማስፋፊያ ፈቃዶች ባሉበት ቆሙ፤ አርቢዎችም በትራክተር መንገድ ዘጉ። የእነዚያን አርቢዎች ምሬት እረዳለሁ። ለዓመታት «አስፋፉ» ሲባሉ ቆይተው በአንድ ቀን ጥፋተኛ ሆኑ። ነገር ግን ሒሳቡ ሲጠራቀም የቆየው በዚያ በማስፋፋት ዘመን ነበር።

ላሞች ስለሚያወጡት የሙቀት አማቂ ጋዝ፣ ስለ ሚቴን፣ የምለው አጭር አይሆንም፤ ምክንያቱም በእርሱ ዙሪያ ከእውነት ይልቅ ቀልድ በዝቷል። የላም ሚቴን በብዛት የሚወጣው ሰው እንደሚቀልደው ከኋላ ሳይሆን ከአፍ ነው። ስታመነዥክ በመጀመሪያው ጨጓራዋ ውስጥ ያሉ ረቂቅ ተሕዋስያን ሣሩንና ገለባውን ሲያብላሉ ሃይድሮጅን ይፈጠራል፤ ሌሎች ደግሞ ይህን ሃይድሮጅን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር አዋሕደው ሚቴን ያደርጉታል፤ ላሟም ታገሳዋለች። በዚህ መንገድ ከመኖው ኃይል 6 በመቶ ያህሉ ይባክናል። ሚቴን በአየር ላይ የሚቆየው ወደ 12 ዓመት ገደማ ቢሆንም በ100 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 27 እጥፍ ያህል ያሞቃል፤ በ20 ዓመት ስሌት ደግሞ ወደ 80 እጥፍ ይጠጋል። ዕድሜው አጭር መሆኑ ለእኛ መልካም ዜና ነው፤ ዛሬ የቀነስነው ውጤቱ ልጆቻችን ሳያረጁ ይታያል።

ታዲያ እንዴት ይቀነስ? ሦስት ኤን ኦ ፒ የሚባለው የመኖ ተጨማሪ በአውሮፓ ኅብረት በ2022 የተፈቀደ ሲሆን ሚቴኑን 30 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ ሆኖም በየቀኑ ከመኖ ጋር መደባለቅ ስላለበት ላሞቹን ቀኑን ሙሉ ለግጦሽ ለሚያሰማራ ሰው አይመችም። እኔ ከዚያ በፊት የማየው የጊደሮቹን በረት ነው። በ36 ወሯ የምትወልድ ጊደር በ24 ወሯ ከምትወልደው ይልቅ አንድ ሙሉ ዓመት ጠብታ ወተት ሳትሰጥ ትበላለች፣ ታገሳለች፣ ፍግ ትጥላለች። ሁለቴ ወልዳ በጡት በሽታ ወይም በኮቴ ሕመም የምትወገድ ላምም እንዲሁ የማሳደጊያዋን ዕዳ ሳትከፍል ሄደች። ጥጃን በሚገባ ማሳደግ፣ ድራትን (ላሟ ኮርማ የምትፈልግበትን ጊዜ) ለይቶ በጊዜው ማስጠቃት፣ የጡት ንጽሕናን መጠበቅ፣ ሣሩ ሳይጠነክር ማጨድ፣ እነዚህ የለመድናቸው ሥራዎች በእያንዳንዱ ሊትር ወተት የሚወጣውን ሚቴን ይቀንሳሉ።

እዚህ ላይ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። «በሊትር ስናሰላው ከሌሎች ተሽለናል» የሚለው አነጋገር በእኛ ዘንድ እየተወደደ መጥቷል። በሊትር ማስላት የላሞችን ምርታማነት ለማነጻጸር ጥሩ ነው። ወንዙ ግን በሊትር ወተት አያካፍልም፤ እርሱ የሚያውቀው በአንድ ሄክታር ላይ በጠቅላላው የወረደበትን ነው። በሊትር የተሻለች እርሻ ላሞቿን በእጥፍ ጨምራ ማሳዋን ባታሰፋ ጅረቷን ትገድላለች። ስለዚህ ሁለቱም ቁጥሮች ጎን ለጎን መጻፍ አለባቸው።

ባዮጋዝን በተመለከተ በርካታ አባላት ጠይቃችሁናል። ከተከማቸ ፍግ የሚወጣውን ሚቴን ይዞ ማንደድ ለማገዶም ለአየሩም ይጠቅማል፤ ነገር ግን የሚያፈስ ማብላያ ጋዙን አምርቶ ወደ አየር ስለሚለቅ ካለመሥራቱ ይብሳል። ናይትሮጅኑና ፎስፈረሱም አይጠፉም፤ በተረፈው ዝቃጭ ውስጥ እንዳሉ ናቸውና የማሳ ሒሳቡ አይቀርልንም። ይህን ስናነሳ ሳልናገር የማላልፈው ነገር ቢኖር፣ የተዘጋ የፍግ ጉድጓድ ሲበጠበጥ የሚወጣው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ መጀመሪያ እንደ በሰበሰ እንቁላል ይሸታል፤ ሲበዛ ግን የማሽተት ስሜትን ያደነዝዛል። ሽታው ጠፋ ብሎ የወረደ ሰው አይመለስም፤ ሊያወጣው የገባውም እንደዚያው። ማንም ሰው ወደ ጉድጓድ አይውረድ።

ሥራ አስፈጻሚው ለዛሬው ጉባኤ የሚያቀርበው የውሳኔ ሐሳብ ከዚህ የተነሣ ነው። እያንዳንዱ አባል እስከሚቀጥለው ጉባኤ ድረስ የፍግ ጉድጓዱን መጠንና የሚገባበትን ፈሳሽ ለክቶ እንዲጽፍ፣ የመኖውንና የወተቱን የናይትሮጅን ሒሳብ እንዲሠራ፣ እንዲሁም ውኃ በጠገበ መሬት ላይ ፍግ ላለመበተን ቃል እንዲገባ እንጠይቃለን። ቁጥሮቹ የባለቤታቸው ስም ሳይገለጽ ይሰበሰባሉ፤ ማንንም ለማሳጣት አይውሉም። የመጀመሪያው ቅጽ የተሞላው በእኔ እርሻ ነው፤ ትርፍ ናይትሮጅኔ ከጠበቅሁት በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ቅጂው በየመቀመጫችሁ ላይ ተቀምጧልና በሻይ ዕረፍት ጊዜ ተመልክታችሁ ስሕተት ካገኛችሁበት እንድታርሙኝ እለምናለሁ።

በዚህም ጉባኤያችን በይፋ መከፈቱን እየገለጽሁ፣ የውሳኔ ሐሳቡን በዝርዝር እንዲያነቡልን የማኅበሩን ጸሐፊ ወደ መድረክ እጋብዛለሁ።