የጋራ ሜዳችን፣ ውሾቻችንና ጉርብትናችን

(በአንድ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግቢ የነዋሪዎች ማኅበር ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበሩ የማኅበራችን ሰብሳቢ፣ የሥራ አመራር ኮሚቴ አባላት፣ እናቶችና አባቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፣

ስለ ውኃ መግፊያው ሞተርና ስለ ጥበቃ ሠራተኞቻችን ደመወዝ ረጅም ሰዓት ተወያይታችሁ ደክማችኋልና፣ አሁንም ጆሯችሁን ስለምትሰጡኝ ከልብ አመሰግናለሁ። እንድናገርበት የተጠየቅሁት ጉዳይ ብዙዎቻችን በየደረጃው ስናማው የከረምነው፣ በስብሰባ ላይ ለማንሣት ግን የምናፍረው ነው። ከመካከላችን ውሻ የሚያሳድጉ አንዳንድ ጎረቤቶች ውሾቻቸውን በብሎኮቻችን መካከል ባለው ሜዳ ላይ ይለቃሉ፤ ውሾቹ የጣሉትን ዓይነ ምድር ግን ሳያነሡ ይመለሳሉ። ልጆቻችን የሚጫወቱትና እህል የምናሰጣው በዚያው ሜዳ ላይ ነው፤ ለቅሶና ሠርግ ሲሆንም ድንኳን የምንተክለው እዚያው ነው።

አብዛኞቻችሁ እንደምታውቁት ጡረታ እስክወጣ ድረስ የእንስሳት ጤና ረዳት ሆኜ ሠርቻለሁ። የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት ከእንስሳት ጋር ስለሆነ ዛሬ የምናገረው ውሻን ለመክሰስ አይደለም። ውሻ በደመ ነፍስ የሚመራ ፍጡር ነው፤ የተለቀቀበት ቦታ ላይ ይጸዳዳል። የምንጠይቀው ገመዱን የያዘውን፣ ወይም ገመዱን ፈትቶ የለቀቀውን ሰው ነው።

ባለፈው ኅዳር በእኛ ብሎክ የሆነውን ላስታውሳችሁ። ከሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩ አንዲት እናት ለዓመት የሚበቃቸውን በርበሬ ቀንጥሰው፣ ደልዘው፣ ሜዳው ላይ በሰሌን አስጥተውት ነበር። ለአፍታ ዞር ባሉበት የአንድ ጎረቤታችን ውሻ መጥቶ የሰሌኑ ጫፍ ላይ ተጸዳዳ። እናትዮዋ ሲጮኹ የውሻው ባለቤት በመስኮት ብቅ ብሎ «እንስሳ ነው፣ ምን ላድርገው?» አለ። እኚህ እናት በርበሬውን በሙሉ ጠቅልለው ጣሉት። የአንድ ዓመት በርበሬ ዛሬ በስንት ብር እንደሚገዛ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ ቤቶች ሰላምታ አቋረጡ። በጥር ወር እናትዮዋ እኅታቸው አርፈውባቸው ድንኳን ሲተከል፣ ያ ጎረቤት ከድንኳኑ ውጭ ጥቂት ቆሞ ሳይገባ ሲመለስ በዓይኔ አየሁት። በአንድ ደቂቃ ሊነሣ ይችል የነበረ ነገር ሁለት ቤተሰብን ለቅሶ እስከማያደራርስ አደረሳቸው። ዛሬ እዚህ ያቆመኝም ይኸው ነው።

አንዳንዶቻችን ያ ሜዳ የማንም እንዳልሆነ አድርገን ስለምናስበው ነገሩን ቀላል አድርገን እናየዋለን። ነገር ግን የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የሚለው ከዚህ የተለየ ነው። ከየቤቶቻችን ውጭ ያለው ደረጃ፣ መተላለፊያ፣ ጣሪያና ግቢ የሁላችንም ያልተከፋፈለ የጋራ ሀብት ነው። ስለዚህ ውሻውን በሜዳው ላይ ለቅቆ ዓይነ ምድሩን ትቶ የሚሄድ ሰው በእኔም፣ በእናንተም፣ በራሱም ድርሻ ላይ ነው የሚጥለው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም በአንቀጽ 1225 ባለሀብት ጎረቤቱን የሚያውክ ወይም የሚጎዳ ነገር እንዳያደርግ ያዝዛል፤ ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈ ጭስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታና ድምፅ እንዳያወጣም በግልጽ ይከለክላል። በአንቀጽ 2071 ደግሞ የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን፣ እንስሳው ሳይታሰብ ከእጁ አምልጦ ቢሆን እንኳ ከዚህ ኃላፊነት እንደማያመልጥ ይደነግጋል። እነዚህን አንቀጾች የጠቀስኩት ማንንም ፍርድ ቤት ለማቆም አይደለም። «እንስሳ ነው፣ ምን ላድርገው?» የሚለው መልስ በሕጋችን ዘንድ ተቀባይነት እንደሌለው እንድናውቅ ብዬ ነው።

«ይህ የፈረንጅ ልማድ ነው፤ አባቶቻችን ውሻ ሲያሳድጉ ማን ያነሣ ነበር?» የሚሉም አሉ። እውነት ነው፣ በገጠር ያደግን ሰዎች ይህን ሲያደርግ ያየነው ሰው የለም። ነገር ግን የገጠር ውሻ ሰፊ መስክ ነበረው፤ ከቤት ርቆ ይሄዳል፣ ዝናቡና ፀሐዩም የቀረውን ይጨርሳል። እኛ ግን በአንድ ብሎክ ውስጥ ብዙ ቤተሰብ ተደራርበን ስንኖር፣ ያለን መሬት በሁለት ብሎኮች መካከል ያለችው ቁራጭ ብቻ ናት። ፈረንጆቹም ቢሆኑ ልማዱን ይዘው አልተወለዱም፤ በኒው ዮርክ ከተማ ባለ ውሻ ሁሉ የውሻውን ዓይነ ምድር እንዲያነሣ የሚያስገድደው ሕግ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1978 ነው። ከዚያ በፊት የዚያ ከተማ ሰው እንደኛው እየረገጠ፣ እንደኛው እየተሳደበ ይሄድ ነበር።

አሁን ወደ ጤናው ጉዳይ ልግባ፤ በዚህ ላይ ትንሽ እንድዘገይ ፍቀዱልኝ፣ ሙያዬ ነውና።

ሽታውና አስቀያሚነቱ የሚታየው ክፍል ነው፤ የሚያሳስበኝ የማይታየው ነው። በውሾች አንጀት ውስጥ ከሚኖሩት ትሎች አንዱ ቶክሶካራ ይባላል። አንዲት እንስት ትል በቀን እስከ 200 ሺህ የሚደርስ እንቁላል ልትጥል ትችላለች፤ እንቁላሉም ከዓይነ ምድሩ ጋር ወጥቶ አፈር ውስጥ ይቀመጣል። አፈር ነክቶ እጁን ሳይታጠብ ወደ አፉ የሚወስድ ሕፃን እንቁላሉን ይውጠዋል፤ የሚፈለፈለው እጭም በጉበቱ፣ በሳንባው፣ አንዳንድ ጊዜም በዓይኑ ውስጥ ይዘዋወራል። ዓይን ውስጥ የገባ እንደሆነ የማየት ችሎታን እስከማሳጣት ሊያደርስ ይችላል። ይሁን እንጂ ከዚህ ውስጥ አንድ መልካም ዜና አለ፤ እባካችሁ ይህን ለሌሎችም ንገሩ። የዚህ ትል እንቁላል ገና እንደወጣ ሰውን አይበክልም፤ ለመብሰል አፈር ውስጥ ከአንድ እስከ አራት ሳምንት ያህል መቆየት አለበት። ዓይነ ምድሩ በዕለቱ ከተነሣ አደጋው ሳይወለድ ቀረ ማለት ነው። ከተተወ ግን ዓይነ ምድሩ ደርቆ ዱካው ከጠፋ በኋላ እንኳ እንቁላሉ በአፈሩ ውስጥ ለወራት፣ አልፎም ለዓመታት በሕይወት ይኖራል። «ደርቋል፣ ምንም አያደርግም» የምንለው ስሕተት የሆነውም ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ትል ከእኛ ከራሳችን ልማድ ጋር የተሳሰረ ስለሆነ የበለጠ ያሳስበኛል። በበዓል ቀን ከብሎኮቹ ጀርባ ባለው የጋራ ማረጃ ቤት በግ ስናርድ፣ በጉበቱ ወይም በሳንባው ላይ ውኃ የቋጠረ ነጭ ከረጢት ያላየ ሰው በመካከላችን የለም ብል አልተሳሳትኩም። ያንን ቆርጠን ምን እናደርገዋለን? በር ላይ ለቆመው ውሻ እንወረውረዋለን። በዚያ ከረጢት ውስጥ ያለው ኤኪኖኮከስ የሚባለው ትል ልጅ ነው፤ ውሻው ሲበላው በአንጀቱ ውስጥ ያድግና ከስድስትና ከሰባት ሳምንት በኋላ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር መውጣት ይጀምራል። የዚህኛው እንቁላል እንደ ቶክሶካራ ጊዜ አይሰጥም፤ በወጣበት ሰዓት ሰውን መበከል ይችላል። በሰው ውስጥ ሲገባም በበጉ ጉበት ላይ ያየነውን ዓይነት ከረጢት በሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ያበቅላል፤ ለዓመታት ሳይታወቅ አድጎ በመጨረሻ በቀዶ ሕክምና እስከ መውጣት ይደርሳል። እንግዲህ ሰንሰለቱን ተመልከቱት፤ እኛ ለውሻው ሰጠነው፣ ውሻው ሜዳው ላይ ጣለው፣ ልጆቻችን ከሜዳው አነሡት። ስለዚህ የውሻ ባለቤት ያልሆነ ሰውም ከዚህ ጉዳይ ነፃ አይደለም። የተበላሸ ጉበትና ሳንባ መቀበር ወይም በደንብ መቀቀል አለበት እንጂ ለውሻ በጥሬው መጣል የለበትም።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ፣ እስከ አሁን ጎረቤቶቻችንን የያዝንበትን መንገድ በሐቅ እንመልከት። አንዳንዶቻችን ዝም ብለን በልባችን ቂም ያዝን። አንዳንዶቻችን ከፎቅ ላይ ሆነን ተሳደብን። አንድ ሰው ደግሞ ከዚህ አልፎ ሄደ፤ በመጋቢት ወር ሌሊት ላይ በሜዳችን መርዝ ያለበት ሥጋ ተጣለ። ሁለት ውሾች ሞቱ። አንደኛው ልጆቹ ሁልጊዜ ወረቀትና ማፈሻ ይዘው የሚወጡለት፣ አንድ ቀን እንኳ ሳያነሡለት ያልቀሩት ውሻ ነበር። በሩ ተንኳኩቶ ከእንቅልፌ ስነሣ ልጁ ውሻውን አቅፎ ደጄ ላይ ቆሞ አገኘሁት፤ የማደርግለት ነገር አልነበረኝም። ያን ያደረገው ሰው ዛሬ እዚህ መካከላችን ይኖር ይሆናል። ማን እንደሆነ አልጠይቅም፤ ነገር ግን ሕፃናት በሚንከባለሉበት ሣር ላይ መርዝ መጣል ከየትኛውም የውሻ ዓይነ ምድር የከፋ ጥፋት መሆኑን ፊት ለፊት እነግረዋለሁ።

ከዚያ በኋላ እኔና ባለቤቴ ቀደም ብለን ማድረግ የነበረብንን አደረግን። በበርበሬው ምክንያት የተጣላውን ጎረቤታችንን አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ቡና ጠራነው። ሦስተኛው ቡና እስኪደርስ ስለ ውሻው አንድም ቃል አላነሣንም። በመጨረሻ ስጠይቀው የነገረኝ እኔ ያላሰብኩትን ነበር። እሱ ከቤቱ የሚወጣው ከንጋቱ 11 ሰዓት በሰርቪስ ነው፤ የሚመለሰው ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ነው። ውሻውን ጠዋትና ማታ የምታወጣው ከገጠር በቅርቡ የመጣች የቤት ሠራተኛቸው ናት። «አውጥተሽ መልሺው» ከመባል በቀር ማንም ምንም አልነገራትም፤ ማንሻ ዕቃ አልተሰጣትም፤ የት እንደሚጣልም አታውቅም። ከየመስኮቱ ስድብ የሚወርድባትም እሷ ነበረች። እሱ ጥፋቱን በአንድ ጊዜ አመነ። በማግስቱ ማፈሻና ክዳን ያለው ባልዲ ገዛ፤ ልጅቷንም ራሱ አብሯት ወርዶ አሳያት። ወደ ሦስተኛ ፎቅ ግን እስከ ዛሬ አልወጣም። እንደሚወጣ ተስፋ አለኝ።

ከዚህ የተማርኩት፣ በእኛ ቤቶች ውስጥ ውሻውን የሚያወጣውና የውሻው ባለቤት ብዙ ጊዜ አንድ ሰው አለመሆናቸውን ነው። ሠራተኛ፣ ዘበኛ ወይም ልጅ ያወጣዋል፤ ስለዚህ ቅሬታችን የሚያርፈው ሥልጣን በሌለው ሰው ላይ ነው። ቅሬታ ያለው ሰው በመጀመሪያ ወደ ባለቤቱ ደጅ ይሂድ፤ ብቻውን ቢከብደው አንድ የሚከበር ሽማግሌ ይዞ ይሂድ፤ ሰላምታውን ያስቀድም፣ ያየውን ብቻ ይናገር፣ የሰማውን አይጨምር። የውሻ ባለቤት የሆናችሁም ሰው ደጃችሁን ሲያንኳኳ እንደ ጠላት አትቀበሉት፤ ከሜዳ ሆኖ ከሚሳደበው ይልቅ ደጃችሁ ድረስ የመጣው አክብሯችኋል።

የሥራ አመራሩ በውስጥ ደንባችን ላይ እንዲጨመር ያዘጋጀው ረቂቅ በእጃችሁ አለ። ውሻ በገመድ እንዲወጣ፣ ዓይነ ምድሩ ወዲያው እንዲነሣ፣ ባለ ውሻ በየሦስት ወሩ የትል መድኃኒት ማሰጠቱንና የእብድ ውሻ ክትባቱን ማስከተቡን ለኮሚቴው እንዲያሳይ ይላል። መጀመሪያ የቃል፣ ቀጥሎ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ ከዚያ መቀጮ ተቀምጧል። እኔ መቀጮውን አልቃወምም፤ ነገር ግን ከቃል ማስጠንቀቂያው በፊት የቤት ለቤት ንግግር እንዲጻፍበት እጠይቃለሁ። በተጨማሪም ስስ ፌስታል በሕግ በተከለከለበት በዚህ ጊዜ ሌላ ማንሻ ማዘጋጀት አለብን፤ አሮጌ ጋዜጣና ማፈሻ ይበቃል። የተነሣውን በወረቀት ደህና አድርገን እንጠቅልለው፤ ቆሻሻችንን በየሳምንቱ የሚወስዱት የጽዳት ማኅበር ልጆች በእጃቸው እንደሚለዩት አትርሱ። በየብሎኩ መግቢያ አንድ ማፈሻና ክዳን ያለው ባልዲ ቢቀመጥ፣ ወጪው ከማኅበሩ መዋጮ ሊሸፈን ይችላል ብዬ አምናለሁ።

የመጨረሻው ጥያቄዬ ለራሳችሁ ነው። የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት በ1 ሰዓት ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ለማጽዳት አካፋዬን ይዤ በእኛ ብሎክ በር ላይ እቆማለሁ። በረቂቁ ላይ ድምፅ ከመስጠታችሁ በፊት፣ የሚመጣ ሰው ስሙን ለጸሐፊዋ ያስመዝግብ፤ ጓንት የማመጣው በቁጥራችሁ ልክ ነው። አመሰግናለሁ።