አቀንጭራን የሚቀሰቅሳት ማነው?

ከቃሉ ቆላ ኮምቦልቻ ድረስ የመጣችሁ አርሶ አደሮች፣ ተማሪዎችና የግብርና ባለሙያዎች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ዛሬ የማወራችሁ በማሽላ ሥር ላይ ተጣብቃ ስለምትኖረው አረም፣ ስለ አቀንጭራ ነው። አበባዋ ሲያዩት ያምራል፣ ማሽላውን ግን አቀጭጫ ታስቀራለች። አበባዋ ብቅ ሲል ጉዳቱ ከመሬት በታች አብዛኛው ተፈጽሟል። ስለዚህ ዛሬ ሥሩን እንይ።

ዘሯ እንደ አቧራ የደቀቀ ነው። አንዷ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ትበትናለች። ዘሩ አፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። ዝናብ ብቻውን አያበቅለውም። የሚቀሰቅሰው ከማሽላው ሥር የሚወጣ ስትራይጎላክቶን የተባለ ሆርሞን ነው። ማሽላው ፎስፈረስ ሲያጥረው ያንን የሚያቀብሉትን ፈንገሶች በዚህ ሆርሞን ይጠራል። ጥሪውን አቀንጭራም ትሰማለች። የተራቆተ መሬት ላይ የምትበረታውም አንድም በዚህ ነው።

ሆርሞኑን የሚሠሩት ኢንዛይሞች፣ ማለትም በተክሉ ውስጥ አንዱን ነገር ወደ ሌላ የሚለውጡ ፕሮቲኖች ናቸው። መነሻው ለካሮት ቀለሙን የሚሰጠው ካሮቲን ነው። ድርቅ ሲመጣ ደግሞ ሌሎች ኢንዛይሞች ከዚያው ከካሮቲን ወገን አብሲሲክ አሲድ የተባለ ሌላ ሆርሞን ይሠራሉ፤ የቅጠሉ ቀዳዳዎች ይዘጋሉ፣ ውኃው ይቆጠባል። ዝናቡ ሲመለስ ይህን ሆርሞን የሚያፈርስ ኢንዛይምም አለ።

አሁን ዋናው ነገር። አንዳንድ ማሽላዎች ስትራይጎላክቶን በሚሠራበት መንገድ ላይ አንድ ኢንዛይም ይጎድላቸዋል። ያኔ የሆርሞኑ ቅርጽ ይለወጣል፤ አቀንጭራን እምብዛም አይቀሰቅስም። በድርቅና በአቀንጭራ ላይ ለሠሩት ሥራ በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማት የተሸለሙት የአገራችን ልጅ ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ያሉበት ቡድን ለዚህ ኢንዛይም ተጠያቂ የሆነውን ዘረ መል በ2017 እ.ኤ.አ. ይፋ አደረገ። ጎብዬና አብሽር የተባሉት አቀንጭራን የሚቋቋሙ ዝርያዎች ግን ከዚያ ቀድመው አገራችን ገብተዋል።

አርሶ አደሩ ጅጉርቲ የተባለውን የአገር ማሽላ የሚመርጥበት ምክንያት ይገባኛል። እንጀራው አለ፣ አገዳው አለ። እኔ የምለው፣ ባለሙያዎች ሆይ፣ አቀንጭራን የመቋቋሙን ባሕርይ በማዳቀል ወደ ራሳችን ማሽላ አስገቡልን። አዲስ ዘር ብቻ ይዛችሁ አትምጡ።

እስከዚያው ፍግ ጨምሩ፣ ማሽላን ከጥራጥሬ ጋር አፈራርቁ። አቀንጭራዋን ዘር ሳትይዝ ንቀሏት። ዘር ከያዘች ደግሞ ማሳው ዳር አትጣሏት፣ አቃጥሏት።