«ሮዝዉድ»፦ ፈረሰኛው ባይመጣስ?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ «ሮዝዉድ»ን ይዤ ነው የመጣሁት፤ ጆን ሲንግልተን በ1997 ያወጣውን ፊልም። ፊልሙ በ1923 የነጮች መንጋ ሰው ገድሎ ስላቃጠላት፣ ፍሎሪዳ ውስጥ ስለነበረች ሮዝዉድ ስለምትባል የጥቁሮች መንደር ነው። ቀንና ዓመቱን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

ከቅሬታዬ ልጀምር፤ ከፈረሰኛው። ቪንግ ሬምስ የሚጫወተው «ማን» የተባለው ሰው፣ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተመለሰ ወታደር፣ በፈረስ ከች ይላል። እንዲህ ያለ ሰው በታሪኩ ውስጥ አልነበረም። ድርሰት ነውና መፍጠር ነውር የለውም፤ ግን ቤቱን የሚከላከል ሰው እዚያው ቤት ውስጥ እያለ ጀግና ከሌላ አገር ለምን ይመጣል?

ነገሩ እንዲህ ነው። ጃንዋሪ 1 ቀን 1923፣ ፍሎሪዳ ውስጥ ሰምነር በምትባል የእንጨት መሰንጠቂያ መንደር፣ ፋኒ ቴይለር የተባለች ነጭ «ጥቁር ሰው ደበደበኝ» ብላ ጮኸች። ከእልቂቱ የተረፉት እንደሚሉት ግን፣ ልብሷን የምታጥብላት የሮዝዉዷ ሣራ ካሪየር ያን ጠዋት ከፋኒ ቤት ሲወጣ ያየችው ነጭ ሰው ነው። ፊልሙ የያዘው ይህንኑ ነው፤ ደግ አደረገ።

በፋኒ ጩኸት የተነሣው የነጮች መንጋ ጃንዋሪ 4 ማታ የሣራን ቤት ከበበ። ውስጡ ልጆች ሞልተውታል። ልጇ ሲልቬስተር ደረጃው ሥር ካለው የማገዶ ማስቀመጫ ገባ፤ ሚኒ ሊ የምትባለውን ልጅ ከፊቱ አድርጎ ጠመንጃውን ትከሻዋ ላይ አስደገፈ። በሩን ሰብሮ የገባውን ጣለው፤ ተከታዩንም። ይህን ኋላ የመሰከረችው ራሷ ሚኒ ሊ ናት። ሣራ እዚያው ተገደለች። ዶን ቺድል ሲልቬስተርን ሲጫወት ዓይኑ ብቻ ይናገራል፤ ካሜራው ከሱ ላይ ባይነሳ ምን ነበረበት!

ሴቶችና ሕፃናት በዚያ ብርድ ረግረግ ውስጥ ተደበቁ። ጆንና ዊልያም ብራይስ የተባሉ ነጭ ወንድማማቾች በባቡር ወደ ጌንስቪል አሸሿቸው፤ ወንዶችን ግን አላሳፈሩም፣ መንጋው ባቡሩን እንዳያጠቃ ፈርተው። ጆን ቮይት የሚጫወተው ባለሱቁ ጆን ራይት ሰው መደበቁም እውነት ነው። መንደሩ ሲነድ የቀረው የሱ ቤት ነው። በይፋ የተመዘገበው ሟች 6 ጥቁርና 2 ነጭ ነው፤ የተረፉት ቁጥሩ ከዚህ ይበልጣል ይላሉ።

አሁን ወደ ሸሪፉ፣ ወደ አካባቢው የፖሊስ አዛዥ። ማይክል ሩከር ሲጫወተው ልፍስፍስ ሰው ነው፤ ልፍስፍስነቱ ግን ኋላ ለሕግ መነሻ ሆኗል። የፍሎሪዳ አገረ ገዢ ሃርዲ ወታደር ልላክ ሲሉ፣ ሸሪፉ ሁኔታው በቁጥጥር ሥር ነው ብሎ መለሰ። መንጋው ግን ተመልሶ ያልነደዱትን የጥቁሮቹን ቤቶች አቃጠለ። በፌብሩዋሪ የተሰበሰበው፣ ክስ ይመሥረት አይመሥረት የሚወስነው የዜጎች ጉባኤም (ግራንድ ጁሪ) ማስረጃ የለም ብሎ ማንንም ሳይከስ ተበተነ።

የተረፉት ወገኖች በ1990ዎቹ ለፍሎሪዳ ምክር ቤት አቤት ሲሉ ክርክራቸው የቆመው በዚህ ላይ ነው፦ እያወቃችሁ አልደረሳችሁልንም። በ1994 የወጣው ሕግ 2.1 ሚሊዮን ዶላር መደበ፤ በሕይወት ለነበሩት ለያንዳንዳቸው 150 ሺህ፣ ንብረታቸው ለጠፋባቸው ቤተሰቦች 500 ሺህ፣ የቀረው ለትምህርት። እንግዲህ ፊልሙን ስታዩ ዓይናችሁን ከፈረሰኛው አንሡና ሸሪፉን ተከተሉት፤ በየትኛው ሰዓት የት እንደቆመ ልብ በሉ።