ከዋሻው በእግሩ የወጣው ሰው

የተከበራችሁ የድንገተኛ ሕክምና ባለሙያዎች፣ የአምቡላንስና የእሳት አደጋ መከላከያ ባልደረቦቼ፤

ስለ መኪናና ባቡር መተላለፊያ ዋሻ አደጋ ስንሠለጥን ቀድሞ በዐይናችን የሚመጣው በቃሬዛ የሚወጣው ተጎጂ ነው። እኔ ዛሬ የማነሣው በእግሩ ስለሚወጣው ነው፤ በጭስ የታፈነ ዋሻ የለመድነውን የትሪያጅ ሥርዓት፣ ማለትም ተጎጂዎችን በጉዳታቸው ክብደት የምንለይበትን አሠራር፣ የሚያሳስተን በእርሱ ላይ ነውና።

ስታርት በተባለው የልየታ ዘዴ መራመድ የሚችል ሁሉ አረንጓዴ ምልክት፣ ማለትም «ጉዳቱ ቀላል ነው፣ ሊጠብቅ ይችላል» የሚል ምልክት፣ ይሰጠዋል። ለአውቶቡስ ግጭት ይህ ጥሩ ደንብ ነው፤ በዋሻ ቃጠሎ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከነበልባሉ ይልቅ የሚገድለው ጭሱ ሲሆን፣ ጭስ ደግሞ ጉዳቱን ወዲያው ላያሳይ ይችላል። አፍንጫው ሥር ጥላሸት የያዘ፣ ድምፁ የጎረነነ፣ «እኔ ደኅና ነኝ፣ ሌሎቹን እዩ» የሚል ሰው ፊታችሁ ቆሟል እንበል። ጣቱ ላይ ያደረጋችሁለት የደም ኦክስጅን መለኪያ፣ ፐልስ ኦክሲሜትር፣ 98 በመቶ ያነባል። ሆኖም የተለመደው መሣሪያ በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚያጓጉዘው ሄሞግሎቢን የተሸከመው ኦክስጅን ይሁን በጭስ ውስጥ ያለው መርዛማ ጋዝ ካርቦን ሞኖክሳይድ አይለይም። የድምፁ መጎርነንም ጉሮሮው ማበጥ መጀመሩን ሊጠቁም ይችላል፤ እብጠቱ ከጨመረ የመተንፈሻ ቱቦ ማስገባት በእጅጉ ይከብዳል።

ስለዚህ ቁጥሩን ሳይሆን ሰውየውን እንጠይቅ፦ ጭሱ ውስጥ ምን ያህል ቆየህ? ከየት ጀምረህ ሄድክ? ፈረንሳይንና ጣሊያንን በሚያገናኘው በሞንት ብላንክ፣ እ.ኤ.አ. መጋቢት 24 ቀን 1999 ዱቄትና ማርጋሪን የጫነ መኪና ተቃጥሎ 39 ሰዎች በሞቱበት ዋሻ፣ ከአንዱ አፍ እስከ ሌላው 11.6 ኪሎ ሜትር ነው። በእንዲህ ያለ ርቀት እያንዳንዱ እርምጃ ተጨማሪ ጭስ መተንፈስ ነው።

ሕክምናው በንጹሕ ኦክስጅን ይጀምራል። ተራ አየር ሲተነፍስ በደሙ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ በግማሽ ለመቀነስ ከ4 እስከ 5 ሰዓት የሚፈጅበት ሰው፣ ንጹሕ ኦክስጅን ካገኘ ከ1 እስከ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ይበቃዋል። ነገር ግን በ150 ባር ግፊት ኦክስጅን የተሞላ ባለ10 ሊትር ሲሊንደር በደቂቃ 15 ሊትር ከሰጠ ለአንድ ሰው ከ100 ደቂቃ አያልፍም። ለ40 ሰው አስቡት፤ ዕቅዶቻችን ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት ይህንን ስሌት ነው። አእምሮው ለተዛባና የደም ግፊቱ ለወረደ ተጎጂ ደግሞ በጭስ ውስጥ ሊኖር በሚችለው በሳያናይድ መመረዝን ጠርጥረን ማርከሻውን ሃይድሮክሶኮባላሚን፣ ለአዋቂ 5 ግራም፣ ማዘጋጀት ይገባናል።

የሕክምና ጣቢያው የሚተከልበትን ቦታ የሚወስነው የአምቡላንሱ መንገድ ሳይሆን የጭሱ አቅጣጫ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በኦስትሪያ ካፕሩን ባቡር ዋሻ ውስጥ ተቃጥሎ 155 ሰዎች ሲሞቱ፣ ተዳፋቱ ዋሻ እንደ ጭስ መውጫ ሆኖ ጭሱን ወደ ላይ ስቦት ነበር፤ ከባቡሩ የተረፉት 12 ሰዎች እሳቱን አልፈው ወደ ታች የወረዱት ናቸው። ዋሻ ሁለት አፍ ስላለው ሁለቱም ዘንድ ሐኪም ይቁም፤ የተጎጂዎች መዝገብ ግን አንድ ይሁን።

በመጨረሻም፣ በእግሩ የወጣ ሰው እኛን ሳይጠብቅ ወደ ሆስፒታል ሊሄድ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1995 የቶኪዮ ምድር ባቡር ሳሪን በተባለ የነርቭ መርዝ ጋዝ በተጠቃበት ቀን አንድ ሆስፒታል ብቻውን ከ600 በላይ ሰው ተቀብሏል፤ ብዙዎቹ የመጡት ያለ አምቡላንስ ሲሆን፣ ከልብሳቸው የተነሣው ጋዝ ሠራተኞችንም ጎድቷል።

በሚቀጥለው ልምምዳችን ድምፁ የጎረነነ፣ በእግሩ የሚሄድ አንድ ተጎጂ ከሌሎቹ መካከል እንዲገባልኝ እጠይቃለሁ። ምን ቀለም እንደተሰጠው፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላስ ማን ተመልሶ እንዳየው እንመዝግብ።